ያጠራሁት ካሴት

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጦማር ላይ የለጠፍኩትን የአሳ ገበያ ድምፅ የሰማ አንድ ወጣት መልእክት ላከልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ጨዋ ልጅ እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ቅጂው በጣም ደስ ይላል። ግን ከኋላ ያለው ንፋስ፣ የባጃጁ ጥሩምባና የሰውየው ሳል ይረብሻል። እኔ ጋ በአንድ ደቂቃ የሚያጠራ መተግበሪያ አለ። ይላኩልኝና አጥርቼ ልመልስልዎ» ይላል። የመለስኩለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ተወው! እንዳትነካው!» ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ በራሴ አፈርኩ። ልጁ መልካም ባሰበ ምን አደረገኝ? ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። በሁለት መስመር የሚነገር አልሆነልኝም።

ጦማሬን የምታዘወትሩ ታውቃላችሁ፤ ይህ ነው የሚባል ቁም ነገር የለበትም። ከልባሽ ኮት ኪስ ውስጥ ያገኘሁትን ቁልፍ ፎቶ አንስቼ «የየትኛው አገር በር ይሆን?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ። የምሠራበት ቤተ ሙከራ መስኮት ላይ በየጠዋቱ እየመጣ ከመስታወቱ ጋር ስለሚጣላው ወፍ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ባለቤቴ «የሚያነብህ ሰው ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?» ትለኛለች። ከሁሉም በላይ የምለጥፈው ግን ድምፅ ነው፤ የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ የከተማችን ሐይቅ ዳር ጀልባ ሲጎተት፣ ፒያሳ ያለው የሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ሰዓቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሲቆጥሩ። አንዱንም አላጠራም፣ አልቆርጥም። ይህን ደንብ ያወጣሁት ከሠላሳ ዓመት በፊት በሠራሁት ሥራ ምክንያት ነው። ጥሩ ሥራ አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ሾፌር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ከሞያሌ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አመጣልን። ዛሬ ለልጆች ሳስረዳ ይስቁብኛል። በአንዱ በኩል አንድ ካሴት እየተጫወተ በሌላው በኩል ባዶ ካሴት ላይ ይቀዳል፤ የራሱ ማይክራፎንም አለው። እኛ ሰፈር፣ አዲስ ከተማ፣ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቴፕ ያለው ቤት ከሁለት አይበልጥም። እኩዮቼ ዘፈን ለማባዛት ሲሰለፉብኝ እኔ ቴፑን ተሸክሜ በረንዳ ላይ እወጣና ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እቀዳለሁ። እንቁራሪት እቀዳለሁ። የወፍጮ ቤቱን ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ ለየብቻው ቀድቼዋለሁ። ሁሉንም በደብተር መዝግቤ ቁጥር ሰጥቼ ነበር። አባቴ «ሰው ዘፈን ይቀዳል፣ የኔ ልጅ ዝናብ ይቀዳል» እያለ ለጎረቤት ያማኝ ነበር።

ከቅጂውም ይልቅ የምወደው ማጥራቱን ነበር። የቀዳሁትን በአንዱ በኩል እያጫወትኩ በሌላው በኩል እገለብጣለሁ። የማልፈልገው ድምፅ ሊመጣ ሲል ማቆሚያውን እጫነዋለሁ፤ ሲያልፍ እለቀዋለሁ። እንዲህ እያደረግኩ ውሻው ይጠፋና እንቁራሪቱ ብቻ ይቀራል። ጣት ይጠይቃል። ለአፍታ ከዘገዩ የጩኸቱ ጫፍ ይገባል፤ ከቸኮሉ ደግሞ የሚፈለገው ይቆረጣል። እኔ ጎበዝ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ መኩራራቴ አይደለም፤ ጎበዝ ባልሆን ይሻል ነበር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ይባሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ አሳ ይጠብሳሉ። አሳው ዘይቱ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ደብተሬ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ሽታው ደግሞ በዳጣ ለመብላት የቋመጠውን ሁሉ ከዋናው መንገድ ይጠራዋል። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ አስቴር ብቻ ናት፤ እሷም ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር።

ያን ጊዜ ዐረብ አገር ያሉ ልጆችና እዚህ የቀሩ ቤተሰቦች በካሴት ይጻጻፉ ነበር። ስልክ ቴሌ ሄዶ ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ማንበብ ለማይችል ሰው በሌላ ሰው አንደበት ነው የሚደርሰው፤ እትዬ ዘነበች ይህን አይወዱም። «ልጄን በሰው አፍ አልሰማም» ይሉ ነበር። ካሴቱ ለእረፍት በሚመጡ ልጆች እጅ ይመጣል፤ መልሱም ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ በሰው እጅ ይሄዳል። ቴፕ ያለው እኛ ቤት ስለሆነ አጫዋቹም ቀጂውም እኔ ሆንኩ።

በሐምሌ አንድ ካሴት መጣ። እትዬ ዘነበች የአሳውን ሽታ በሎሚ ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አስቴር የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ በስም እየጠራች ሰላም ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ አሁን የምነግርሽን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ውሌ መስከረም ላይ ያልቃል። ማዳሜ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው። አንዴ ከፈረምኩ መሀል ላይ አትለቀኝም፤ ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው። ያንቺን ጤና ሳላውቅ ግን አልፈርምም። እውነቱን ንገሪኝ። ደህና ካልሆንሽ ሁሉንም ጥዬ እመጣለሁ።»

ቴፑን አጠፋሁት። እትዬ ዘነበች ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸው። ያ ሳል ከፋሲካ ጀምሮ ብሶባቸው ነበር፤ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ሰዉ «የአሳው ጢስ ነው» ይላል፣ እሳቸውም ጢሱ ነው ይላሉ። በግንቦት ግን እኔው ራሴ ክሊኒክ ወስጃቸው ነበር። ነርሷ ጀርባቸውን በማዳመጫ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ከዚያም ትልቅ ሆስፒታል ሄደው ቶሎ እንዲታዩ ጻፈችላቸው። እሳቸው ወረቀቱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። «አስቴር ስትመጣ አብረን እንሄዳለን። ብቻዬን እዚያ ገብቼ ምን እሆናለሁ?» አሉኝ። እኔ አብሬዎት ልሂድ ስላቸው ሳቁ። እኔ ልጅ ነኛ።

«እንግዲህ ይንገሯት፤ ትምጣ ይበሏት» አልኳቸው ያን ቀን።

«አንተ ጌታሁን! ሰው አገር ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? እንቅልፍ ልነሳት?»

እኛ እንዲህ ነን። ሩቅ ያለ ሰው ሕመም አይሰማም። አባት እግሩ ተቆርጦ «ትንሽ እግሬን አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል» ይላል። የሞተውም ቢሆን አገር ቤት ሄዷል ይባላል። ይህን የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ሩቅ ያለውም ይህን ስለሚያውቅ ቃሉን አያምንም፤ ከቃሉ ኋላ ያለውን ነው የሚያዳምጠው። እኔ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ይህን ሁለተኛውን ነገር አላውቅም ነበር።

በነሐሴ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወደ ቤሩት ልትሄድ ስለሆነ መልሱን ለመቅዳት ተሰናዳን። ዝናቡ ጋብ ያለበትን ቀን መረጥኩ። ጎረቤቱ ተራ በተራ ገብቶ ሰላምታውን ካሰማ በኋላ ክፍሉ ውስጥ እኔና እትዬ ዘነበች ብቻ ቀረን። ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይድረስ ለውድ ልጄ ለአስቴር፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፤ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ የለም።» ሳል። «ለኔ አታስቢ። ጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ነው።» ሳል። «ከፈለግሽ ሥራሽ ላይ ቆዪ፤ እግዚአብሔር ሲፈቅድ እንገናኛለን።» አሁን ሳሉ አልቆም አለ። ትከሻቸው ይርገፈገፋል፣ ማይክራፎኑ እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቴፑን ላቆም እጄን ስዘረጋ በእጃቸው «ተወው» የሚል ምልክት ሰጡኝ። ተውኩት። ካሴቱ ዝም ብሎ መዞሩን ቀጠለ፤ ሳሉ አልቆ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ሁሉም ተቀዳ። ያቺን የእጅ ምልክት ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲሄዱ ካሴቱን ሰማሁት። አስቀያሚ ነበር። ለእኔ ያ ሳል የውሻ ጩኸት፣ የሚጠፋ ነገር ነበር። አስቴር ከነሳሉ ብትሰማው ትጨነቃለች፣ እናቷም ያላሰቡት ነገር ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ማሰቤን አልክድም። ግን እውነቱን ከተናገርኩ የበለጠ የገፋፋኝ ሥራው ራሱ ነው። ማንም የማያውቅበትን ቁርጥ መሥራት እችል እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። ሦስት ቀን ከቤት ሳልወጣ ሠራሁት። የትንፋሹን መግቢያ ሳይቀር አወጣሁ። አንድ ቦታ ላይ ክፍተቱ ስላስታወቀብኝ ከኔው ስብስብ የዝናብ ድምፅ ጨምሬ ሸፈንኩት። ሲያልቅ አንዲት ጤነኛ እናት በክረምት ቀን ቤቷ ቁጭ ብላ ከልጇ ጋር ስትጫወት ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

እትዬ ዘነበችን ጠርቼ አሰማኋቸው። መጀመሪያ ላይ ሳቁ።

«ውይ! ሳሌን የት አደረስከው? አንተ ከሐኪሞቹ ትሻላለህ እኮ!»

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ካሴቱ እስኪያልቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሲያልቅ፣ «እንዲህ ነበር ድምፄ» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለውም «የፊተኛው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለ፤ አላጠፋሁትም። የቱ ይሂድ?»

ዓይናቸውን ከቴፑ ወደኔ መለሱ። እኔ ግን ፊቴ ላይ ምን ይነበብ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ምስጋና የሚጠብቅ ልጅ ፊት ነው። አይተውኝ፣ ጉንጬን በመዳፋቸው ነካ አደረጉኝ። «ሦስት ቀን ደክመህበት! ይኸኛው ይሂድ» አሉ።

የአስቴር መልስ በጥቅምት መጣ። አጭር ነበር። «ድምፅሽን ሰምቼ ልቤ አረፈ፣ እማዬ። ፈርሜያለሁ» ትላለች። እትዬ ዘነበች እሷን ቦታ ብቻ መልሼ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። መልሼ አሰማኋቸው። «ይሁን» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

በታኅሣሥ አሳ መጥበስ አቆሙ። በጥር እሳቸው እየተቆጡ ጎረቤቱ ተባብሮ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ሐኪሞቹ ለምን ቀደም ብላችሁ አላመጣችኋቸውም አሉ። በየካቲት አንድ ማክሰኞ ሞቱ። በክረምት ቢታዩ ይድኑ ነበር ወይ? አላውቅም። ይህን ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ስለምፈራ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለአስቴር እንዳይነገር ወሰኑ። ብቻዋን በሰው አገር መርዶ አትሰማም፤ የሚያቅፋት የለም። ስትመጣ ይነገራት ተባለ። በጠየቀች ቁጥር እናቷ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ወርደዋል ይባል ጀመር። አንድ ሽማግሌማ እኔን ለብቻ ጠርተው፣ «ድሮ ከቀዳሃቸው ቆራርጠህ አንድ ካሴት ብትገጥምላት ምን አለበት? ልቧ ይረጋል» አሉኝ። እንደምችል አውቅ ነበር። ቤት ገብቼ ቴፑ ፊት ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። አልተሳካልኝም ብዬ ዋሸኋቸው።

አስቴር ውሏን ጨርሳ መጣች። በማግስቱ ማለዳ፣ ገና ሳትነሳ፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባና አረዳት። ጩኸቷ በጭቃው ግድግዳ አልፎ መጣ። እኔ ያን ቀን ከሰዉ ጋር አልገባሁም። እናቴ ብትጠራኝም ትኩሳት አለኝ አልኩ።

ሠልስቱ ባለፈ በማግስቱ ግን እሷው መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ አብጧል። በረንዳችን ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ጌቱ፣ የእማዬ ድምፅ ያለበት ካሴት ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «የመጨረሻዋን ካሴት እዚያ ሳለሁ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ማዳሜ ስትወጣ እቃ ቤት ገብቼ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጥፌ ነው የማዳምጠው። ቃሏን ለመስማት አይደለም። እናቴ ተወልዳ ‹አሞኛል› ብላ አታውቅም፤ ቃሏን አላምናትም። ደረቷን ነበር የማዳምጠው። ስሄድም ጀምሯት ነበር እኮ፣ ትንሽ ትንሽ ያስላት ነበር። ያቺ ካሴት ላይ ግን አንድም የለም። አንድም! ድናለች አልኩ። ከዚያ ፈረምኩ።»

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የፊተኛውን ካሴት አወጣሁና ቴፑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ምን እንደሆነ ለመናገር ስላልቻልኩ አጫወትኩላት። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» የሚለው መጣ፤ ተከትሎም ሳሉ። አስቴር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሌላኛውም ሳል መጣ። ረጅሙም መጣ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ የጠበቀው። እሷ አላለቀሰችም። ፍጹም ሳትንቀሳቀስ፣ ካሴቱ በራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ድረስ ሰማችው።

«አንተ ነህ ያወጣኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሷ አዛህ ነው?»

አዎ ብል አመልጥ ነበር። «አይ። እኔው ነኝ። በኋላ ሰምተው ይሂድ አሉ» አልኳት።

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ሦስት ቀን።»

ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። «ጎበዝ ነህ» አለችኝ። አሽሙር አልነበረበትም። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ እሱን ተሸክሜ እሄድ ነበር። ካሴቱን ከቴፑ ውስጥ ራሷ አወጣችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወጣች። ከሁለት ወር በኋላ ቤቱን ዘግታ ወደ ቤሩት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ቴፑን ለወንድሜ መለስኩለት። ለብዙ ዓመታት ምንም ነገር አልቀዳሁም፤ ዝናብም ቢሆን። ወደ ድምፅ የተመለስኩት ስልኮቹ መቅጃ ይዘው ሲመጡ፣ ሰው ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ ነው። የቀዳሁትን ሳላጠራ የምለጥፈውም ለዚህ ነው። አሳ ገበያው ውስጥ የሚያስለውን ሰውዬ አላውቀውም። አንድ ቦታ የሚያውቀው ሰው ይኖር ይሆናል።

ለራሴ ስሆን ግን ይህን ደንብ እንደማልጠብቀው ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው። ትልቋ ልጄ ሶስና ጅማ ተመድባ ትሠራለች። እንደ ዘመኑ በስልክ ድምፅ እንላላካለን። ቅዳሜ ማለዳ ለላከችልኝ ስመልስላት መሀል ላይ ሳል አቋረጠኝ፤ አጠፋሁትና እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛውንም አጠፋሁት። ውኃ ጠጥቼ ሦስተኛውን ሞከርኩ። አራተኛው ንጹሕ ወጣልኝ፤ እሱን ላክሁት። ወዲያው መለሰችልኝ፤ «አባዬ፣ ድምፅህ ጥርት ብሏል፣ ደስ አለኝ» ትላለች።

ሶሲ ጦማሬን ሳታነብ እንደማታድር አውቃለሁ። ደውዬ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ስለ አየሩ አወራሁሽ። ስለዚህ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ልጻፍልሽ። ልጄ፣ ያስለኛል። ከጥር ጀምሮ ነው።